የላላው ቋጠሮ

ማስተሩ ጥቁሩን ቀበቶ ለጃለታ አቀበሉትና «ለእህትህ እሰርላት፤ መጀመሪያ ያስተማርካት አንተ ነህ» አሉት። 18 ማዞሪያ አጠገብ ያለው የቴኳንዶ አዳራሽ በጭብጨባ ተናጋ። ጃለታ ለዚህ ቀበቶ ሁለቴ ተፈትኖ ሁለቴም ወድቋል። በስድስት ዓመት የሚበልጣት ዱሬቲ ግን በመጀመሪያ ፈተናዋ አለፈች። ቀበቶውን ወገቧ ላይ ሲጠመጥም ቀናባት። ቋጠሮውን ሳያጠብቀው ተወውና ፈገግ ብሎ አጨበጨበላት።

«ጥቁር ቀበቶ ጨርሻለሁ የሚባልበት አይደለም» አሏት ማስተሩ። «መማር የምትጀምሪው ገና ዛሬ ነው። ከእንግዲህ ጥፋት ሲፈጠር መጀመሪያ ራስሽን ጠይቂ።» ዱሬቲ እጅ ነስታ ችሎታዋን ልታሳይ ወደ መሃል ወጣች። ዞራ በእግሯ ስትመታ ቀበቶው ተፈትቶ መሬት ወደቀ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከሁሉም ቀድሞ የሳቀው ጃለታ ነበር።

«ምንድን ነው ይሄ?» ማስተሩ ጃለታን ገላመጡት።

ዱሬቲ ቀበቶውን አነሳችና ወንድሟን ለአፍታ አየችው። እንደገባት ከዓይኗ ያስታውቅ ነበር። ከዚያ ወደ ማስተሩ ዞራ «ይቅርታ ማስተር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከመውጣቴ በፊት ማየት ነበረብኝ» አለች።

የጃለታ ሳቅ አፉ ላይ ደረቀ። ሁለቴ ሲወድቅ ሁለቴም ፈታኞቹን ነበር የወቀሰው። ቀበቶውን ከማግኘቷ በላይ፣ ይህን ማለት በመቻሏ ቀናባት። «እኔ ነኝ ያላላሁት» ሊል አፉን ከፈተ። ዱሬቲ ግን ቀበቶዋን በገዛ እጇ ጥብቅ አድርጋ አስራ ወደ መሃል ተመልሳለች።