ፋን የሌለው ኮምፒውተር

የእናቱ ሙት ዓመት እስኪያልፍ ሚናስ ቤቱ ውስጥ ዘፈን አልከፈተም። ሲያልፍ ግን የሲዲ ክምሩን ጠቅልሎ የሚይዝለት ትንሽ ኮምፒውተር ፍለጋ ኢስትሊ ገበያ ወረደ።

«ማቀዝቀዣ ፋን የሌለውን ውሰድ፤ ትንፋሹ እንኳ አይሰማህም» አለው ባለሱቁ ቶሎሳ።

ሚናስ አንገቱን ደፋ። የዛሬ ዓመት ገደማ እናቱ መኝታ ቤት ሆና፣ ትንፋሽ አጥሯት «ዘፈኑን ቀንስልኝ» ስትለው ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኖ ነበር። ዘፈኑ አልቆ ሲገባ አርፋ አገኛት። ይህን ለነፍስ አባቱ እንኳ አልተናገረም።

ካሳራኒ ሰፈር፣ እቤቱ ገብቶ ኮምፒውተሩን ሰካው። ገና አንድ ዘፈን ሳይጭንበት፣ ከስፒከሩ ቁርጥ ቁርጥ የሚል ትንፋሽ መጣ። ደንግጦ ገመዱን ነቀለ። ትንፋሹ አልቆመም፤ እንዲያውም ረጋ አለ።

«እግዜር ይስጥህ፣ ሚናስዬ» አለችው እናቱ፤ «አሁን ቀነስክልኝ።»