ሁለት ሜትር

ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዙ የባልና ሚስቱ ቤት ይገባል። ሰውየው እንዳይሸጠው ገዢ፣ ጥሎት እንዳይሄድ መጠጊያ የለውም። ዛሬ የወረዳዋ መሐንዲስ ሜትር ይዛ መጣች፤ ከወንዙ ዳር እስከ ግድግዳው ለካች።

«አባባ፣ ምትክ ቦታ የሚሰጠው ቤት መሥራት በተከለከለበት ዳርቻ ውስጥ ላለ ሰው ብቻ ነው። የእርስዎ ቤት ከዚያ በሁለት ሜትር ውጭ ነው።»

«ጎርፉ ይህን መቼ ያውቃል፣ ልጄ?»

«ምን ላድርግ? ወንዙ ዳሩን ሸርሽሮ ከቀረበ ተመልሼ እለካለሁ።»

እሷ እንደሄደች ዝናቡ ጀመረ። ሚስቱ ፍራሹን ጠረጴዛ ላይ እንዲያወጣላት ልትነግረው ብትዞር ቤት ውስጥ የለም። ወጥታ ፈለገችው። ወንዙ ዳር ቆሞ፣ ጎርፉን ይመልስልናል ብሎ በጋውን ሲክበው የባጀውን ድንጋይ እየናደ ውኃው ውስጥ ይጥላል።

ከወንዙ ዳር እስከ ግድግዳው በዓይኗ ለካች። ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና የትልቁን ድንጋይ አንድ ጫፍ ያዘችለት።