የሚያድግ ማስመሪያ

«ለምን ዘለልሽው? አንብቢው እንጂ!» ትላለች እናትየዋ፣ ዓይኗን ከምትልጠው ድንች ላይ ሳታነሳ።

ልጅቷ ስልኳን ጭኗ ላይ ደፋ ታደርገዋለች። በጓሮው ደረጃ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ መካከላቸው ውሃ የሞላ ሳፋ አለ። ስለ እናቷ ምርምር የሠራችው ፊልም ሲኒማ ቤት ከገባ ገና ሳምንቱ ነው። እናትየዋም ሰው ምን እንዳለ ካልሰማሁ ብላ ወጥራ ይዛታለች።

እስካሁን ንባቡ የሄደው በሳቅ ነው። የጋዜጣው ሃያሲ «ትዕግሥት መልክ ቢኖራት ይህን ፊልም ትመስል ነበር» ብሏል። አንዲት ጦማሪ ደግሞ «እንቅልፍ እምቢ ላለው ሁሉ ፍቱን መድኃኒት» ብላ ጽፋለች። እሷን እንኳ እናትየዋ እንባዋ እስኪመጣ ስቃ፣ «እውነቷን ነው፤ እኔ ራሴ ስንቴ ማይክሮስኮፕ ላይ አንቀላፍቻለሁ!» ብላ ምራታለች። ዕድሜዋን የፈጀችው የድንጋይ ሽበት በማጥናት ነው፤ ያን ድንጋይ ላይ ተለጥፎ የሚኖረውን፣ ሰው ሁሉ እድፍ ነው ብሎ የሚያልፈውን ግራጫ ነገር። ሽበቱ ለማደግ አይቸኩልም፤ እሷም ስታጠናው ቸኩላ አታውቅም።

«ይኼኛው ይቅርብሽ፣ እማዬ።»

«የሚጥመውን ለቅሞ የማይጥመውን የሚደብቅ ተማሪ ከላቦራቶሪዬ አባርር እንደነበር ረሳሽው?»

አልረሳችውም። ቤትም ውስጥ ሕጉ ያው ነበር።

ራሱን «አጉሊ መነጽር» ብሎ የሰየመው ጦማሪ የጻፈው ስለ ፊልሙ መጨረሻ ነው። እዚያ ላይ ፎቶዎች ተራ በተራ ይመጣሉ። ይኸው እዚህ ጓሮ ጥግ ያለው ትልቅ ድንጋይ፣ በላዩ ያው ሽበት፣ ከሽበቱ ጎን ደግሞ የልጅ እጅ። መጀመሪያ ድቡልቡል፣ ቀጥሎ እስክሪብቶ ያቆሸሸው፣ በኋላም ጥፍሩ የተቀባ። እጁ የእሷ ነው። ፎቶዎቹን አሮጌ ካርቶን ውስጥ አግኝታ፣ እናቷን ሳትጠይቅ ነው ያስገባቻቸው።

ጉሮሮዋን ጠርጋ ታነባለች። «በምርምር ፎቶ ላይ፣ ከሚጠናው ነገር ጎን መጠኑ የማይለወጥ ዕቃ ይቀመጣል፤ ማስመሪያ ወይም ሳንቲም። ይህን የማስተምራቸው የሰባተኛ ክፍል ልጆች እንኳ ያውቁታል። ዶክተሯ ግን የልጃቸውን እጅ አስቀመጡ! በሚያድግ ማስመሪያ ምን ይለካል? የዕድሜ ልክ ሥራቸው በዚህ ላይ የቆመ ከሆነ፣ እግዜር ይሁናቸው።»

ከሥሩ የሳቀው ሰው ብዛት ለጉድ ነው፤ እሱን አታነበውም።

ቢላዋው ቆሟል። የልጅቷ ፊት በእፍረት ይቀላል። ኩል እኩላለሁ ብላ ዓይን አጠፋች የሚባለው ይኼ ነው፤ እናቴን ላክብር ብላ የሰው መሳቂያ አደረገቻት። የሚያንገበግባት ግን ይህ ብቻ አይደለም። ልጅ ሳለች፣ እናቷ ከመስክ ስትመለስ ገና ሳትስማት እጇን ይዛ ወደ ድንጋዩ ትወስዳት ነበር። «እጅሽን እዚህ አድርጊ፤ እንዳትነቃነቂ።» ቀጭ! ለእሷ ማስመሪያ ነኝ፣ ትል ነበር በልቧ፤ ሳንቲም ባይገኝ የምታስቀምጠኝ። እንግዲህ ያንኑ አሁን አገር ሁሉ አነበበው።

«ዛሬውኑ እቆርጠዋለሁ» ትላለች። «ሲኒማ ቤቱም አጠር ያለ ቅጂ አምጪ እያለኝ ነው። ፎቶዎቹ ይወጣሉ።»

«ሰውዬው ልክ ነው» ትላለች እናትየዋ።

«እማዬ!»

«ልክ ነዋ! እጅ መለኪያ አይሆንም። ተማሪዬ እንዲህ ያለ ፎቶ ይዞልኝ ቢመጣ ጆሮውን ነበር የምቆነጥጠው።» የላጠችውን ድንች ሳፋው ውስጥ ጣል ታደርገዋለች። «የምርምሬ ድንጋዮች እኮ ተራራው ላይ ናቸው። እነሱን በደንብ አድርጌ በማስመሪያ ለክቻቸዋለሁ። ይኼኛው አንድም ጽሑፌ ውስጥ የለም።»

«ታዲያ ይኼ ሁሉ ፎቶ ለምን ተነሳ?»

እናትየዋ ማፈር ይቃጣታል። የማይታየውን አፈር ከቀሚሷ ታራግፋለች።

«ሰው ልጁን መቃን ላይ አቁሞ በእርሳስ ያሰምር የለ? እኔ መቃን አላምንም። በር ይቀየራል፣ ግድግዳ ይቀባል። ሥራው ደግሞ ወሰደኝ፤ በመጣሁ ቁጥር አድገሽ ትጠብቂኛለሽ። ምን ያህል እንዳመለጠኝ የሚነግረኝ፣ ከቦታው ንቅንቅ የማይል ነገር ፈለግሁ።» በቢላዋዋ ጫፍ ወደ ድንጋዩ ትጠቁማለች። «ማስመሪያው እሱ ነው፣ የኔ እናት። የምለካውማ አንቺን ነበር።»

ልጅቷ ድንጋዩን ታያለች። ዕድሜ ልኳን ያየችው ድንጋይ ነው።

«ታዲያ መጀመሪያ ብትስሚኝ ምን ነበረበት?» ትላለች፣ ድምጿ የሕፃን ሆኖ።

«አንዴ ከሳምኩሽ መቼ እለቅሽና! ፀሐይዋ ትጠልቅብኝ ነበር።»

ልጅቷ እየሳቀች ዓይኗን በእጅጌዋ ትጠርጋለች። ከዚያ ትነሳና እናቷን ክንዷን ደግፋ ታስነሳታለች። ድንጋዩ ጋ ሲደርሱ ስልኳን ታወጣለች።

«እጅሽን እዚህ አድርጊ» ትላለች። «እንዳትነቃነቂ።»

እርጥቡ እጅ ከሽበቱ ጎን ያርፋል። ሽበቱ ያው ነው። እጁ ግን ከምታውቀው ቀጥኗል፤ ድሮ በሳሙና እንኳ አልወጣ ይል የነበረው ቀለበት አሁን ሰፍቶት ይንሸራተታል። ልጅቷ ስልኩን ዝቅ ታደርግና፣ ፎቶውን ከማንሳቷ በፊት ጎንበስ ብላ እጁን ትስመዋለች።