ወደቀ ያለው ሰዓት

ሰዓቱ ሲጮህ የሶፋ ሠሪው አፍ በሚስማር ሞልቶ ነበር። ሥራው ነው፤ በአንድ እጁ ጨርቅ ወጥሮ በሌላው መዶሻ የያዘ ሰው ሦስተኛ እጅ የለውም። ስለዚህ ሚስማሮቹን ከንፈሩ መሀል ይደረድርና አንድ በአንድ በምላሱ ገፋ እያደረገ ያወጣቸዋል። እንዲህ ሲሠራ ፀጉሩ ሸብቷል፤ አንድም ውጦ አያውቅም።

«አባዬ!» አለ የእጅ አንጓው። ድምፁ የሴት ልጁ ነበር። «ወደቅክ እንዴ? ሰዓቱ ወደቀ ብሎኛል! አባዬ!»

«እምምም» አለ ሶፋ ሠሪው።

«ምን? መናገር አቃተህ?»

«እምም! እም!»

ሚስማሩን መዳፉ ላይ ተፍቶ አፉን ነፃ እስኪያወጣ ድረስ መስመሩ ተቋርጧል። መልሶ ልደውል ብሎ የሰዓቱን መስታወት በአውራ ጣቱ ቢጫነው የነገውን ዝናብ ነገረው። እንደገና ቢጫነው የልብ ምቱን ሊቆጥርለት ተነሳ። ስልኩ ደግሞ ከስፖንጁ ክምር ሥር የሆነ ቦታ ነው።

«ጉድ ሠራኸኝ!» አለው ሰዓቱን።

ጉድ ማለቱ ያለ ነገር አልነበረም። ባለፈው ክረምት እዚሁ ሱቁ ውስጥ ራሱን ስቶ ወድቋል። «ቁርስ ሳልበላ ወጥቼ ነው» ቢል ማን ሰምቶት! ልጁ ሱቁን ዘግቶ እሷ ጋ እንዲኖር ለመነች፣ ተቆጣች፣ አለቀሰች። እሱ «እጄ ሥራ የፈታ ዕለት ነው የምሞተው» ብሎ ድርቅ አለ። በመጨረሻ ይህን፣ ያሰረው ሰው ሲወድቅ አውቆ የሚደውል ስማርት ሰዓት ገዝታ አሰረችለትና ውል አስገባችው፤ ሰዓቱ አንድ ቀን ወደቀ ብሎ ከነገራት ሱቁ ይዘጋል፣ ክርክር የለም። እሺ ብሏል። እሱ ደግሞ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ያየውን አበሳ እሱና ፈጣሪ ያውቃሉ። ሰዓቱ እንደ ነገረኛ አማት ነው፤ አያርፍም፣ አያሳርፍም። ጠዋት ገና ዓይኑን ሲገልጥ እንቅልፍህ አነሰ ይለዋል። ብርጭቆውን ገና ከማስቀመጡ ውሃ ጠጣ ይለዋል። ሙጫ በነካው ጣት ሲነኩት አይሰማም፣ ይባስ ብሎ ይጣበቃል። ቢሆንም አንድ ቀን አውልቆ ጥሎት አያውቅም።

ስልኩን ፍለጋ ስፖንጁን እያገላበጠ ሳለ በሩ ተበርግዶ ልጁ ገባች። አስተማሪ ናት፤ ትምህርት ቤቷ ሩቅ ባይሆንም ታክሲ እንኳ ሳትጠብቅ ሮጣ ነው የመጣችው። ነጭ ጋውኗን አላወለቀችም።

«ቆመሃል» አለች። ከዚያ በላይ ትንፋሽ አልተረፋትም። ግድግዳውን ተደግፋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

«አልወደቅኩም የኔ እናት። ሚስማር ጎርሼ እንዴት ብዬ ላውራ?»

«ታዲያ ሰዓቱ ምን በወጣው ይዋሻል?»

«እኔ ምን አውቄ! ጠበቅ አድርጌ በመታሁ ቁጥር ወደቅክ ወይ እያለ ይንቀጠቀጣል። እየሮጥኩ ሳጠፋው ነው የከረምኩት፤ ዛሬ አመለጠኝ።»

«እስቲ ምታ። ልየው።»

መዶሻውን አንስቶ ደህና አድርጎ መታ። ሰዓቱ ወዲያው ተንዘፈዘፈ። ልጅቷ የሚመታበትን እጅ አየች፣ ፊቱን አየች፣ እንደገና እጁን አየች።

«በግራህ ነው የምትመታው» አለች።

«ታዲያ በምኔ ልምታ?»

መብላትና መጻፍን በልጅነቱ ተገርፎ በቀኙ ለምዷል። መዶሻ ሲይዝ ግን የሚገርፈው ስላልነበረ እጁ እንደ ፈጠረው ቀረ።

«ሰው ሁሉ በግራ ነው የሚያስረው ብዬ . . . ልጅህ ሆኜ እንዴት ይጠፋኛል? አንተስ ለምን አትነግረኝም?»

«ስታስሪልኝ ደስ ብሎሽ ነበራ» አለ፤ ሌላ ምክንያት አልነበረውም።

ሰዓቱን ፈታ ቀኙ ላይ አሰረችለት። አንዴ መታ፣ ደገመ። ሰዓቱ ጭጭ አለ።

«ውሉስ?» አለ፣ ዓይኑን ከመዶሻው ሳያነሳ። «ሱቁ ይዘጋል ያልሽው?»

በጋውኗ እጅጌ አፍንጫዋን ጠረገች። «ከወደቅክ ነው ያልኩት። አልወደቅክም።»

ተመስገን አለ በልቡ። ስለ ሱቁ ነበር፣ ስለ ሱቁም ብቻ አልነበረም። በዚህ ዕድሜ ስንቱ ነው ጮኾ ዞር ብሎ የሚያየው ያጣ! እሱ አፉን ሞልቶ እምም ሲል አንዲት ሴት ክፍል ሙሉ ተማሪ ለባልደረባዋ ጥላ በጠራራ ፀሐይ ትሮጣለች። የእሷን የእጅ አንጓ አየ፤ ሰዓት የለበትም።

«አንቺስ ብትወድቂ ለማን ይነገራል?»

ሳቀች። «እኔ ለመውደቅ መች ጊዜ አለኝ?»

ሳቋ አላማረውም። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፤ ዛሬ ገና ነው ያየው። ስፖንጅ ለብሶ ጨርቅ ወደሚጠብቀው ትልቅ ወንበር እጇን ይዞ ወሰዳት።

«ተማሪዎቼ እኮ . . .»

«የሚይዝልሽ አለ። ተቀመጪ።»

«አንድ ደቂቃ ብቻ» አለች፤ ራሷን ወደ ኋላ ጣል አደረገች። ደቂቃዋ ሳትሞላ እንቅልፍ ወሰዳት።

ሶፋ ሠሪው መዶሻውን አነሳ። መልሶ ቀስ ብሎ ስፖንጅ ላይ አስቀመጠው። ጥቂት እንደቆየ የጎረቤቱ ቁልፍ ቀራጭ በበሩ አንገቱን ብቅ አደረገ።

«ምነው ጎረቤት፣ መዶሻህ ድምፁ ጠፋ? ደህና ነህ?»

ሶፋ ሠሪው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገና በአገጩ ወደ ወንበሩ አመለከተው።