የመጨረሻዋ ዶናት

ሎርና ወንበሮቹን እያጠፈች ግድግዳው ላይ ስታስደግፍ ዌንደል ካፖርቱን እንደለበሰ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። ሌላው ሰው ሁሉ ወጥቷል። በአዳራሹ የቀሩት እነሱ ሁለቱና ከዶናቱ ካርቶን አጠገብ ቆሞ ስልኩን የሚነካካው ባለሀብቱ ሃርላን ብቻ ናቸው።

«እስከ እኩለ ቀን መልስ ስጠን ብለውኛል» አላት ዌንደል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሃርላን ገንዘቡን የሚያስገባ ከሆነ እቀራለሁ። የማያስገባ ከሆነም ልወቀው።»

በትልቋ ከተማ በሚኒያፖሊስ ያሉ ሰዎች ሥራ አቅርበውለታል፤ ቋሚ ደሞዝ፣ ለልጆቹም የጤና መድን። ዌንደል ቧንቧ ሠራተኛ ነበር። የቤት ቧንቧ ውሃው በረዶ ሆኖ ከመፈንዳቱ በፊት በስልክ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ፈለሰፈና ሥራውን ትቶ ኩባንያ አቋቋመ። እዚህ ዱሉዝ ከተማ ውስጥ በበረዶው ወራት ይህን የማይፈልግ ቤት የለም። የጎደለው ባለሀብት ብቻ ነው።

ሎርና ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት፣ በዚህ አሮጌ መጋዘን ፎቅ ላይ እንደ ዌንደል ያሉትን ገንዘብ ካላቸው ጋር ስታገናኝ ኖራለች። አንዱ ተነስቶ ሥራውን ያሳያል፣ ሌላው ይጠይቃል፣ ዶናት ይበላል፣ ይበተናል። እስካሁን አሥር ኩባንያ ለወግ ለማዕረግ በቅቶ ወደ ትልልቅ ከተሞች ሄዷል። «እኔ አሳድጋለሁ፣ ሌላ ከተማ ይድራል» እያለች ትቀልድ ነበር። ሰሞኑን ቀልዱም ደክሟታል።

የአዳራሹን ኪራይ የሚከፍለው ሃርላን ነው። ውሉ በወሩ መጨረሻ ያበቃል። ለሚቀጥለው ዓመትም ይከፍል እንደሆነ ዛሬ ልትጠይቀው ቆርጣ መጥታለች፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቆርጣ እየመጣች ሳትጠይቀው ትመለሳለች። በዚህ አገር ሰውን ፊት ለፊት እምቢ ማለት ነውር ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ትቀመጣለህ፣ ቅዳሜ ልጆችህ አብረው በረዶ ላይ ይጫወታሉ፤ እንዴት ብለህ እምቢ ትላለህ? ይሉኝታው ዶናቱ ላይ እንኳ ይታያል። የመጨረሻዋን የሚደፍር ስለሌለ አንዱ ግማሿን ቆርጦ ይወስዳል፣ ሌላው የግማሿን ግማሽ። ዛሬም ካርቶኑ ውስጥ የቀረችው አውራ ጣት የምታህል ናት።

ሃርላን ዌንደልን «ደስ ይላል፣ በርታ፣ ብቻ እንዳትጠፋ» ካለው አሥራ አራት ወር ሆኖታል። ዌንደል አልጠፋም። በየወሩ ደወለ፣ በየወሩም ያንኑ ሰማ። በተከፋ ቁጥር ደግሞ ሎርና ናት «እያሰበበት ነው፣ ትንሽ ታገስ» እያለች የመለሰችው። ረቡዕ ረቡዕ ፊት ቆሞ ሥራውን የሚያሳይ ሰው ያስፈልጋት ነበር። ይህን ለራሷ ስታምን አፈረች።

የያዘችውን ወንበር አስደግፋ ወደ ሃርላን ሄደች። ዌንደል ተከተላት።

«ሃርላን፣ ዌንደል እስከ እኩለ ቀን መወሰን አለበት» አለችው። «ገንዘብህን ታስገባለህ ወይስ አታስገባም?»

ሃርላን ስልኩን ኪሱ ከተተ። ስለ ገበያው አነሳ፣ ስለ ወለዱ አነሳ፣ መሣሪያው ግሩም እንደሆነና ሚስቱም እንደወደደችው ተናገረ። ሎርና ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ሁሉ ራሷን እየነቀነቀች ሰምታ ታሳልፈው ነበር።

«እሱን አልጠየቅኩህም» አለች።

«ቁርጡን ይንገሩኝ» አለ ዌንደል። «አልቀየምዎትም።»

ሃርላን ጆሮው ድረስ ቀላ። ሃያ ዓመት ሲተዋወቁ ሎርና እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም። ወለሉን አየ፣ በመስኮቱ ከከተማው በታች ያለውን ሐይቅ አየ።

«አላስገባም፣ ልጄ» አለ በመጨረሻ። «መጀመሪያም አላሰብኩም ነበር። ላስቀይምህ አልፈለግኩም እንጂ።»

ሎርና ዌንደል የሚናደድ መስሏት ነበር። እሱ ግን ለረጅም ጊዜ ተሸክሞት የቆየውን ነገር እንዳወረደ ሰው በረጅሙ ተነፈሰ። ሃርላንን ከልቡ አመስግኖ ጨበጠው። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

«ይህን ባለፈው ዓመት ብሰማው ጥሩ ነበር» አላት። ድምፁ ቁጣ የለበትም፤ ይህ ነው የባሰባት። ስልኩን እያወጣ ደረጃውን ወረደ።

ከአሥሩ ኩባንያዎች ቀጥሎ አሥራ አንደኛውም ሄደ። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ሃርላን ቢላዋውን አነሳና አውራ ጣት የምታህለውን ዶናት ለሁለት ቆርጦ አንዱን ጎረሰ። ጣቶቹን በወረቀት ሲጠርግ ሎርና አሁን ካልጠየቀችው ከዚህ በኋላ እንደማትደፍር ገባት።

«የአዳራሹስ ነገር?» አለችው። «ለሚቀጥለው ዓመት?»

ሃርላን ኮፍያውን አደረገ። ጥያቄው ያስደሰተው ይመስል ፊቱ በራ። ይህ ሁሉ የሷ ሥራ እንደሆነ፣ ከተማው ያለሷ ምን ይሆን እንደነበር ነገራት፤ ትከሻዋንም ቸብ ቸብ አደረጋት።

«እንነጋገራለን» አላት ወደ በሩ እየሄደ። «ብቻ እንዳትጠፊ።»

ዘጠኝ ዓመት አንድ ረቡዕ አልቀረችም። ሊጠፋ የሚችል ሌላ ሰው ያለ ይመስል ገሚሳቸው የታጠፉትን ወንበሮች ዞራ አየች። ሃርላን አሁንም በሩ ላይ ቆሞ ጓንቱን እያጠለቀ ነው።

ሎርና ካርቶኑን ወደ ራሷ ሳበች። ቢላዋውን አልነካችም። የቀረችውን ቁራሽ አነሳችና እሱ እያያት፣ ሳትከፍላት እንዳለች ጎረሰቻት።