የዕረፍት ጉዞ

ሴትየዋ ልጆቿን ለክረምት ዕረፍት ከአባታቸው ጋር እስክንድርያ ለመላክ ሁለት ወር ሙሉ አመነታች። የፈታችውን ባሏን አታምነውም።

«አሥራ አምስት ቀን ባሕር ዳርቻ ተጫውተው ይመለሳሉ። ምን፣ ልበላቸው ነው?» አላት።

ልጆቹም አላስቀምጥ አሏት። በመጨረሻ ውልና ማስረጃ ሄዳ የጉዞ ፈቃዱን ፈረመች። የዋና ልብስና ባርኔጣ ገዛች፤ ሻንጣቸውን በገዛ እጇ አሰናድታ አየር ማረፊያ ድረስ ሸኘቻቸው።

«ዛጎል አመጣልሻለሁ፣ እማዬ» አለቻት ትንሿ።

አውሮፕላኑ ተነሥቶ ቤቷ እንደገባች ስልኳ ጮኸ። የልጆቹ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበረች።

«እንደምን ዋሉ፣ የነሶስና እናት? አባታቸው ትናንት የልጆቹን መልቀቂያ ሲወስዱ አንድ የሒሳብ መጽሐፍ ሳይመልሱ ቀርተዋል። መቼም ግብፅ አይማሩበትም፤ ቢልኩልን።»