ትርሲት ስትራብ

ትርሲት ስኳር አለባት። የደሟ ስኳር ሲወርድ የራሷ ሰውነት ማስጠንቀቁን ስለተወ፣ ሐኪሞች ከቆዳዋ ሥር በቀበሩላት መሣሪያ አማካኝነት ረሃቡና መንቀጥቀጡ የሚሰማው ባሏን አጥናፉን ነው።

በዚያ በጋ እሷ ቧሂት ተራራን ስትወጣ አጥናፉ ጎንደር ቤቱ ነበር። ብርጭቆዎቹ ከእጁ እየወደቁ ስላለቁ ሻዩን የሚጠጣው በፕላስቲክ ኩባያ ነው። ድንገት እጁ ተንቀጠቀጠና ደወለላት።

«አሁኑኑ ቁጭ በዪና ቴምር ብዪ!»

«ጫፉ እኮ ታየኝ! ደህና ነኝ።»

«እኔ ግን ልወድቅ ነው!»

እየሳቀች ተቀምጣ በላች። ቀስ በቀስ የአጥናፉ እጅ ጸና። ከሰዓት በኋላ ከተራራው ጫፍ ደወለች።

«ወጣሁ! ሳምንት ደግሞ ራስ ዳሽን!»

«ውጪ የኔ ጀግና! ማክሰኞ ግን የመንጃ ፈቃድ ፈተና አለብኝ፤ መሪ ይዤ እንዳታንቀጠቅጪኝ!»